ልቤን አደባባይ ያወጡት ሴት

እትዬ ጥሩወርቅ የሞቱ ለት እንኳን አናደውኛል። ልጃቸው ዳንኤል ደውሎ «መሲ፣ እማዬ አረፈች» ሲለኝ፣ «መቼ ታመሙና?» አልኩት። ለካ ሆስፒታል ከገቡ ሰነባብተዋል። ቀዶ ጥገናም ተደርጎላቸው ነበር።

«ታዲያ እንዴት አትነግረኝም?»

«እንዳትነግራት ብላ አስምላኝ ነው። ‹ያቺ ልጅ በሆነ ባልሆነው ልቧ ይመታል፤ ተዋት፣ ሥራዋን ትሥራ› አለችኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። ልቤ በሆነ ባልሆነው መምታት ከተወ ስንት ጊዜው! ይህን ደግሞ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግን እትዬ ጥሩወርቅ ስለ ሰው አንዴ የወሰኑትን፣ ሰውየው ራሱ ተለውጦ ቢመጣም አይሰርዙትም። እኔ ወልጄ ከብጄ አያት ብሆን እንኳ ለእሳቸው ያቺ ልቧ የሚመታው ተከራይ ነኝ።

ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ሴቶች «ደግ ነበሩ፣ ለሰው ሟች ነበሩ» ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው። ግን ደግነታቸውን አብሯቸው የኖረ ያውቀዋል። በር አንኳኩቶ የሚገባ ደግነት አልነበረም። በር ከፍቶ፣ ብርድ ልብስ ገልጦ፣ «ምን ሆነሻል?» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ እያሰማ የሚገባ ነበር።

አቃቂ በሰቃ፣ እሳቸው ግቢ አንድ ክፍል ቤት የተከራየሁት ጸጥታ ፈልጌ ነው። ጎተራ አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰርግ ካርድና የመማሪያ መጽሐፍ ፊደል ስለቅም ውዬ ስመለስ የምፈልገው ዝምታ ብቻ ነው። ደላላው «ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው፤ ኮሽታ አትሰሚም» ብሎ ማለልኝ። ብቻቸውን መሆናቸው እውነት ነው። ያልነገረኝ፣ ከልጅነታቸው ጀምረው ጡረታ እስኪወጡ ክር ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል መሥራታቸውንና የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ይዞት መሄዱን ነው። እሳቸው ስለማይሰሙ ሌላውም የማይሰማ ይመስላቸዋል። ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ሲሉኝ አስፋልት ማዶ ያለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል።

ሰው ሲያናግራቸው የእጁን አንጓ ጭምድድ አድርገው ይይዙና ወደ ራሳቸው አዙረው አፉን ያያሉ። ክር ሲቀጥሉ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ከያዙ አያስመልጡም። «ምን ያጉረመርምሻል? አፍሽን ከፈት አድርጊና ተናገሪ!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። አንድ ቀን ሆዴን አሞኝ ቀስ ብዬ ብነግራቸው «ተቅማጥ ነው?!» ብለው ሲጮሁ፣ ከግቢው በር ጋ ሱቅ ያለው የስልጤው ልጅ ሙደሲር በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሎሚ አለ፣ ላምጣላት?» አለ። ሙደሲር ጥሩ ሰው ነው። ችግሩ የግቢያችንን ወሬ ሁሉ ሳይፈልግ ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም አይልም።

ከሁሉ በላይ የምጠላው ግን አንድ አባባላቸውን ነው። መብራት ይጠፋል፤ «ቢበዛ ምን ይመጣል?» ይላሉ። ጣሪያው ያፈስሳል፤ «ቢበዛ ምን ይመጣል?» እኔ ቢበዛ ምን እንደሚመጣ ከነዝርዝሩ ሳሰላ የምውል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ግቢ መግባቱ ለሁለቱም አይበጅም ነበር።

ያ ነገር የጀመረኝ ቃሊቲ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ከባድ መኪኖች ከፊትም ከኋላም ቆመው፣ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ፣ መንገዱ ዝግት ብሎ ነበር። በድንገት ልቤ መምታት ጀመረ። መምታት ስል ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሰው አይደለም፤ ከደረቴ ሊወጣ የሚታገል ይመስል ነበር። እጄ ደነዘዘ፤ አየር አጠረኝ። «በቃ፣ እንደ አባቴ ልሞት ነው» አልኩ። አባቴ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው ያለፈው። «ልቡ ነው» ነው የተባልነው። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወርጄ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳልሞት ቀረሁ።

በሌላ ቀን ደገመኝ። ከዚያ ገና ታክሲውን ሳስብ ይጀምረኝ ገባ። ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በባጃጅ፣ እየወረድኩ እየተሳፈርኩ ሥራ የምደርሰው ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ሆነ። ሁለት ጣቴ ከአንገቴ ሥር አይለይም፤ የልቤን ምት ስጠብቅ እውላለሁ። በአንድ የሰርግ ካርድ ላይ የሙሽራውን ስም ሳላርም አልፌ ካርዱ እንዳለ ታተመ። አለቃዬ ቢሮው አስገብቶ «መሠረት፣ እንዲህ ከቀጠለ ሌላ አራሚ ለመፈለግ እገደዳለሁ» አለኝ። የተናገረው ሳይቆጣ ነው። ያ ነው የባሰ ያስፈራኝ።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ምንም አልነገርኩም። ማን ያብዳል!

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አስተኝቶ የልቤን ምት በመሣሪያ አነሳው፤ ደህና ነው አለ። «እዚህ ተኝተሽ ደህና ነው። ውጭ ስትውይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እንይ» ብሎ አንድ መሣሪያ እንዳደርግ አዘዘልኝ። ነርሷ ደረቴ ላይ ክብ ክብ ተለጣፊዎች ለጠፈችና ከእያንዳንዱ ሽቦ አወጣች፤ ሽቦዎቹ ወገቤ ላይ ከታሰረ የስልክ ቀፎ ከሚያህል ሳጥን ጋር ተያያዙ። እስከ ነገ በዚህ ሰዓት እንዳላወልቀው፣ ውኃ እንዳላስነካው ነገረችኝ። ሐኪሙ በሩ ጋ ስደርስ ጠርቶ «አደራ፣ ቤት ዘግተሽ እንዳትተኚ። እንደ ወትሮሽ ዋይ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ልቤ ውስጥ ግን ቤቴን ዘግቼ ለመተኛት ወስኜ ነበር። ሰው ይህን ሁሉ ሽቦ ተሸክሞ እንዴት እንደ ወትሮው ይውላል? ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሰፊ ሹራብ ለብሻለሁ፤ ከላዩ ሻሽ ጣል አድርጌያለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ልብስ ሲያሰጡ ከኋላቸው ሹልክ ብዬ ላልፍ ስል አንዱ ሽቦ ከሹራቤ ሥር ወጥቶ ኖሯል።

አንጓዬን ያዙ። «ይሄ ሽቦ ምንድነው?»

«ምንም አይደል፣ እትዬ።»

«ምን?»

«የሐኪም ነው።»

«የማን?»

«የሐኪም! የልብ መመርመሪያ ነው!»

«ልብሽን አመመሽ?!»

ከሱቁ ሙደሲር «ማንን ነው ልቧን ያመማት?» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስታወስ አልፈልግም፤ ግን አስታውሰዋለሁ። የጎረቤት ሴቶች መጡ። አንዷ ጠበል ይዛ መጣች፤ ውኃ አይነካም ብዬ ስመልሳት ተቀየመችኝ። ሌላዋ «ባትሪ አለው? አይነዝርም?» ብላ ከሩቅ ቆመች። እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው የሠሩት ይመስል የሹራቤን አንገት ገለጥ እያደረጉ «ይኸው፣ ይኼ እዚህ ጋ፣ ይኼኛው ደግሞ ከጡቷ ሥር» እያሉ ያስጎበኛሉ። ሙደሲር የመሣሪያውን ሥራ እንዳይረብሸው ብሎ ሬዲዮኑን ዘጋ። ስንት ወር የደበቅኩት ነገር ቡና ሳይፈላ የሰፈር ጉዳይ ሆነ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ? ተኚ አለሽ?» አሉኝ እትዬ።

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። «እንደ ወትሮሽ ዋይ ነው ያለኝ።»

«ወትሮ በዚህ ሰዓት የት ነሽ?»

«ሥራ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቆይ፣ ነጠላዬን ላምጣ።»

ፈቃድ መጠየቄን፣ አለቃዬ መፍቀዱን፣ ማረፍ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። የማይፈልጉትን ነገር ሲሆን አፍ ማየቱንም ይተዉታል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በፕላስቲክ ጫማቸው ፊት ፊት ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ለምን እንደተከተልኳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ብቻዬን ቤት ውስጥ ተኝቼ ልቤን ማዳመጡ ከእሳቸው ይልቅ አስፈርቶኝ ይሆናል።

ሚኒባሱ ውስጥ እኔን መስኮት ጋ አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ። ረዳቱ «ሳሪስ ጎተራ! ሳሪስ ጎተራ!» እያለ ሞላና በመጨረሻ አንድ ትርፍ ሰው ይዞ መጣ። «እማማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉለት።»

«አንጠጋም!»

«ትንሽ ነው፣ እማማ።»

«አንተ ልጅ! ይቺ ልጅ ደረቷ ላይ መሣሪያ ታጥቃለች!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ «የምን መሣሪያ?» ብሎ የበሩን እጀታ ያዘ። ከኋላዬ ያለችው ሴት ልጇን አቅፋ ተነሳች። ያን ሁሉ ሽቦና ወገቤ ላይ ያበጠውን ሳጥን አስቡት። ረዳቱ ከበሩ ላይ ዘሎ ወርዷል።

ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀው ሴት ሹራቤን ገልጬ «የሐኪም ነው! የልብ ነው! ልቤን አሞኝ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ሰዉን በግርምት እያዩ።

ሳቅ ሆነ። ልጇን ያቀፈችው ሴት «እግዜር ይማርሽ፣ አስደነገጥሽኝ እኮ» አለች። ትርፉ ሰው ሳይጫን ቀረ። እኔ ፊቴን መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ ከዚህ ታክሲ ስወርድ የቤት ኪራይ ውሌን እንደማፈርስ ለራሴ ማልኩ።

ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ከፊት የሲሚንቶ መኪና፣ ከጎን ቦቴ። መጀመሪያ መዳፌን አላበኝ። ከዚያ ያ ነገር ከሆዴ ተነስቶ ወደ ላይ መጣ። ልቤ ሮጠ። ጣቶቼ ደነዘዙ። እትዬ ጥሩወርቅ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ እየጮኹ ነበርና ድንገት አቋርጠው ፊቴን አዩ። አንጓዬን ያዙ።

«መጣ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እሰይ!» አሉ።

የሰማሁት ትክክል አልመሰለኝም። ወደ ወገቤ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን «ያዘው! እንዳያመልጥህ፣ ያዘው!» አሉት። ከዚያ ለተሳፋሪው ዞረው «ሐኪሙ ይሄንኑ ነው የፈለገው! መጣላት!» ብለው አበሠሩ።

ተነሳሁ። «ወራጅ አለ» ማለት ፈልጌ ድምፄ አልወጣም። ሹፌሩ «ላቁምላት?» አለ፤ ቆሞ እንደነበር ረስቶት። እትዬ አንጓዬን ቁልቁል ሳቡኝ። «ተቀመጪ። ብትወርጂ ምን ይታያል?»

«እትዬ፣ እሞታለሁ።»

«ቢበዛ ምን ይመጣል?»

«እሞታለሁ አልኩ እኮ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህም መልስ አያጡም ነበር። ያን ለት ግን ትንሽ አዩኝና «እሺ፤ አለሁ» አሉ። አንጓዬን ለቀው መዳፌን ያዙ። ከዚያ በኋላ የሚገርም ነገር አደረጉ፤ ዝም አሉ። ከጎናችን ያለው ቦቴ ሞተሩን አስነሳ፣ ፈቀቅ አለ፣ እንደገና ቆመ። መንገዱ እስኪከፈት መዳፌን አለቀቁትም። ልቤ በራሱ ጊዜ ረገብ አለ።

ዝምታቸው የቆየው እስከዚያ ብቻ ነው። «አለፈላት!» ብለው ሲጮኹ ታክሲው በሙሉ «ተመስገን» አለ። ረዳቱ ጭምር።

ማተሚያ ቤቱ በር ጋ ጥበቃውን ወንበሩን አስለቅቀው እስከ ሥራ መውጫ ተቀመጡ። ሁለተኛ ፎቅ ሆኜ የሚያወሩትን ቃል በቃል እሰማ ነበር፤ ያወሩት ደግሞ ስለ እኔ ነው። ከሥራ ስወጣ የጽሕፈት ክፍሉ ልጆች አንድ በአንድ «እግዜር ይማርሽ» አሉኝ። ምን እንደሆንኩ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። መጠየቅ ምን ያስፈልጋቸዋል?

ውጤቱን ሐኪሙ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እያሳየ አስረዳኝ። «ታክሲ ውስጥ የሆንሽው ይኸውልሽ፤ ልብሽ ሮጧል። ሩጫው ግን የጤነኛ ልብ ሩጫ ነው፤ የልብ በሽታ የለብሽም።» ጭንቀት እንደሆነ፣ ጭንቀትም በሽታ እንደሆነና እንደሚታከም፣ ወደ ሌላ ባለሙያ እንደሚመራኝ ነገረኝ። በደንብ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ይዤው የወጣሁት «የለብሽም» የሚለውን ብቻ ነው።

ሌላውም ሰው የሰማው እሱን ነው። እህቴ በስልክ «ተመስገን! ምንም የለብሽማ! ዝም ብለሽ ነው እንዴ እንዲህ ያስጨነቅሽን?» አለችኝ። አለቃዬ «እንኳን ደስ ያለሽ። እንግዲህ ምንም የለብሽም ከተባልሽ በሰዓትሽ መግባት ነው» አለኝ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነው። እኔ እንደ ሌባ ነው የተሰማኝ፤ የሌለ በሽታ ታምሜ የተያዝኩ ሌባ።

ግቢ ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ተናድጄ ስለነበር ሳይጠይቁኝ ጮኽኩ፤ «ምንም የለብሽም ተባልኩ!»

ለሙደሲር ሲያውጁ ታየኝ። እሳቸው ግን ምስሩን አስቀመጡና አንጓዬን ያዙ።

«ማነው የለብሽም ያለሽ?»

«ሐኪሙ። ልቤ ጤነኛ ነው አለ።»

«ልብሽ ጤነኛ ከሆነ እሰይ። አንቺ ግን እዚያ ታክሲ ውስጥ እጅሽ እጄ ላይ ነበር። ላብሽ መዳፌን አርሶት ነበር። ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር። ያ ምንም አይደለም ነው የሚሉሽ? እኔ ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልጠፋ።»

ስንት ሰው ያላለቀውን ነገር «ተመስገን» ብሎ ሲዘጋብኝ፣ ያልተዘጋ መሆኑን ያወቁት እኚህ ጯሂ ሴትዮ ብቻ ናቸው። አቅፌ ልስማቸው ዳድቶኝ ነበር።

«ነገም እሄዳለሁ» አሉ።

«የት?»

«ሥራሽ ነዋ!»

መሳሙን ተውኩት።

የጭንቀት ባለሙያዋ ጥሩ ሴት ናት። ነገሩ ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ እንዴት እንደምቀመጥበት፣ እንዴት ቀስ ብዬ እንደምተነፍስ አሳየችኝ። ታክሲውን በጥቂት በጥቂቱ እንድለምደው፣ የማምነው ሰው መጀመሪያ ላይ ቢያጅበኝ እንደማይከፋ ነገረችኝ። የእኔ ስህተት ይህን ለእትዬ ጥሩወርቅ መናገሬ ነው። «ታዘዘልኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የጠዋቱ ታክሲ የእሳቸው ግዛት ሆነ። ሹፌሮቹን በስም አወቁ። ረዳቶቹን በአባት ስም ይጠራሉ። ቃሊቲ ስንቃረብ «ጀምሪ!» ይሉኛል። «ሳቢ! ሳቢ! ሳቢ! በይ ልቀቂ!» እኔ በቀስታ፣ ማንም ሳያየኝ ልተነፍስ እፈልጋለሁ፤ እሳቸው እንደ ሰልፈኛ ያስተነፍሱኛል። አንዳንድ ቀን ከኋላ ያሉ ተሳፋሪዎች አብረውኝ ሲተነፍሱ እሰማለሁ። አንድ አዛውንት ሳሪስ ሲወርዱ «እኔንም ቀለለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። የእትዬ ፊት በኩራት አበራ።

ሁሉንም ለእኔ ብለው አደረጉት ብዬ አልዋሽም። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ውሎአቸው ከበርጩማ ወደ ሙደሲር ሱቅ፣ ከሙደሲር ሱቅ ወደ በርጩማ ነበር። ዳንኤል ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፤ የሚመጣው ሲመቸው ነው። ታክሲው ሰው አለው፤ ጠብ አለው፤ ጎተራ ደግሞ ከአትክልት ሻጮቹ ጋር ጭቅጭቅ አለ። እኔን ሥራ አድርሰው በሌላ ታክሲ ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነው የሚመለሱት። ይህን ሳይ ንዴቴ ይብሳል፤ በእኔ ሕመም ሽርሽር የወጡ ይመስለኛል።

አንድ ማለዳ ታክሲ ውስጥ ለአንድ ወጣት የመሥሪያ ቤቴን፣ የዕድሜዬንና ያለማግባቴን ነገር ዘርዝረው «ልቧ እንደሁ ጤነኛ ነው፤ በመሣሪያ ታይቷል» አሉት። ማታ ግቢ ውስጥ ጠበቅኳቸውና ፈነዳሁ።

«እትዬ፣ በቃ! ከእንግዲህ አይመጡም! ያዋረዱኝ ይበቃኛል!»

ሙደሲር ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እትዬ ጥሩወርቅ አፌን አይተው ሲጨርሱ አልተቆጡም።

«ተዋረድሽ እንጂ ወረድሽ?»

«ምን?»

«ከታክሲው። ከእኔ ጋር መሄድ ከጀመርሽ አንድ ቀን ወረድሽ?»

አልወረድኩም ነበር። አንድም ቀን። አለቃዬም ሌላ አራሚ መፈለጉን ካነሳ ቆይቷል። ቤቴ ገብቼ በሩን አጋጨሁት። እሳቸው አልሰሙትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ቃሊቲ መሐል፣ መንገዱ ጭራሽ በተዘጋበት ሰዓት እትዬ ጥሩወርቅ ድንገት ተነሱ።

«ወራጅ አለ!»

«እትዬ፣ የት ነው?»

«ቲማቲም!»

መንገድ ዳር አንድ ጋሪ ላይ ቲማቲም ተቆልሏል። ረዳቱ ከፈተላቸው፤ ወረዱ። ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። መንገዱ ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ፣ ታክሲው ሄደ። በኋላ መስታወት ሳያቸው ቲማቲም እያገላበጡ ነበር፤ ዞረው እንኳ አላዩኝም።

መጣ። ከሆዴ ተነስቶ እንደ ወትሮው መጣ። አጠገቤ ባዶ ወንበር ነው፤ የሚይዘኝ እጅ የለም፤ «ሳቢ» የሚለኝ የለም። ለመውረድ አፌን ከፈትኩ። ግን ከፍርሃቱ ጋር እኩል፣ እንዲያውም ከፍርሃቱ በልጦ አንድ ሌላ ነገር ደረቴን ሞልቶት ነበር፤ ንዴት። እንዴት ለቲማቲም ብለው ይጥሉኛል? ወርጄ ተመልሼ ልጣላቸው ወይስ ሥራ ደርሼ ደውዬ ልጣላቸው ስል፣ የፊት ወንበሩን ብረት ይዤ ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ልቤ ሮጠ። ይሩጥ አልኩት። የምላቸውን በቃል እያጠናሁ ሳሪስን አለፍን። በስተመጨረሻ ወረድኩ፤ ግን የወረድኩት ጎተራ ነው።

ቢሮ ገብቼ ደወልኩላቸው።

«ደረስሽ?» አሉ።

«ለምን ጥለውኝ ወረዱ?»

«ምን?»

«ለምን ጥለውኝ ወረዱ!»

ቢሮው በሙሉ ቀና አለ።

«በጣም ረክሷል እኮ! ለአንቺም ልያዝልሽ?»

ከዚያን ቀን በኋላ አብረውኝ ሄደው አያውቁም። ጉልበቴን አመመኝ አሉ፤ ግን ከሙደሲር ጋር ሊጨቃጨቁ ሲሮጡ አያቸው ነበር። እኔም በአንድ ቀን አልዳንኩም። የወረድኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ባለሙያዋ ዘንድም ብዙ ተመላለስኩ። ግን ነገሩ እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ።

በመጨረሻ ለሥራዬ የሚቀርብ ቤት ሳሪስ አገኘሁና ለቀቅኩ። ስነግራቸው አኮረፉ። ዕቃዬን ስጭን በሩ ላይ ቆመው «ግድግዳዬን በሚስማር በሳሳችው» ብለው ለሙደሲር ይከሱኛል። አንድ ሚስማር ነበር፤ መስታወት የሰቀልኩበት። ያመጣሁላቸውን ጋቢ እንኳ «ምን ይሠራልኛል?» ብለው ከእጄ ሳይቀበሉኝ ቆሙ። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩት።

ሳልነግራቸው መሄድ አልሆነልኝም። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው «እትዬ፣ አመሰግናለሁ» አልኳቸው።

«ምን?»

«አመሰግናለሁ።»

«ምን ያጉረመርምሻል? አፍሽን ከፈት አድርጊና ተናገሪ!»

አየር ስቤ ጮኽኩ። «እትዬ ጥሩወርቅ! አመሰግናለሁ! ሰው አድርገውኛል!»

የጎረቤት ሴቶች ብቅ አሉ። የጫኚዎቹ እጅ ቆመ። ሙደሲር ከሱቁ «ምንም አይደል!» አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ የጋቢውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱና፣ አፌን ሳይሆን ዓይኔን አዩኝ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ያልኳቸውን ሰምተው እንደነበር ያኔ ጠረጠርኩ።

«ለሚስማሩ ከሆነ ትቼልሻለሁ» አሉ። «በይ ሂጂ፤ ሰውየው መኪናውን አስነስቷል።»